ሰፈርሽ የት ነው?

ልጄ ባለፈው ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባችና «እማዬ፣ የእኛ ሰፈር ማን ነው የሚባለው?» አለችኝ። አራተኛ ክፍል ናት። መምህሯ ስለ ሰፈራችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፣ ታሪኩን ከትልልቅ ሰዎች ጠይቁ፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ ታነብባላችሁ ብለዋቸዋል።

የምንኖረው ቤቴል ነው። «ቤቴል» ብያት ወደ ወጤ መመለስ እችል ነበር። ምላሴ ላይ ቀድሞ የመጣው ግን «አየር ጤና» ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩት መልስ። ማማሰያውን እንደያዝኩ ትንሽ ቆምኩ። የባለቤቴ እናት ደግሞ ሳሎን ሆነው ሰምተዋል። «ኮልፌ በያት እንጂ! የአባቷ አገር ኮልፌ ሉካንዳ አይደለም እንዴ?» አሉ ጮክ ብለው። ልጄ እርሳሷን እንደያዘች ቀረች። አንድ ቤት፣ ሦስት ሰፈር።

በወረቀት ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ኮልፌና ቀራንዮ ተጣምረው የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአሥሩ ክፍለ ከተሞች ብዙ ሰው የተቆጠረው በእኛው ነበር፤ ከ420 ሺህ በላይ። ግን «የት ነህ?» ሲባል «ኮልፌ ቀራንዮ» ብሎ የሚመልስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? መታወቂያ ላይ ካልሆነ የለም። ሰዉ የሚለው አጠና ተራ፣ አሥራ ስምንት፣ ታይዋን፣ ሚኪሊላንድ፣ ዓለም ባንክ፣ ካራ ቆሬ ነው። ሰፈርን በስሙ መጥራት ራስን ማስተዋወቅ ነው፤ ሰው ደግሞ ራሱን ሲያስተዋውቅ ትንሽ ይመርጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ይዤ ወጣሁ። ታሪኩን ከእኔ ከምትሰማ በእግሯ ትየው ብዬ ነው። እንዲህ ብዬ ለራሴ ነገርኩት እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እቤት ቁጭ ብዬ የምመልሰው ጥያቄ ስላልነበረ ነው።

የጀመርነው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ነው። ደብሩ ከአዲስ አበባ መቆርቆር በፊት፣ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደተተከለ ይነገራል። ስሙ ጌታ ከተሰቀለበት ቦታ የመጣ ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የተቀመጡ አንድ አባት ይህንኑ ሲነግሯት ልጄ፣ «አዲስ አበባ ካልነበረች ታዲያ ያኔ ይሄ ቦታ ምን ይባል ነበር?» አለቻቸው። «ቀራንዮ ነዋ!» አሉ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደተጠየቀ ሰው። ከግቢው በር ወጥተን ዙሪያውን ብናይ ፎቅ፣ ጋራዥ፣ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ፣ የግል ትምህርት ቤት ነው። መጋቢት 27 ለንግሥ የመጣ ሰው ግን ዛሬም ድሮ ከገጠር ይመጣ በነበረው ብዛት ነው የሚያጥለቀልቀው።

ወደ ኮልፌ ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ልጄ ደብተሯን ከፍታ ስትጽፍ ያዩ አንዲት ሴት «ኮልፌ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሏት። አታውቅም። እኔም አላውቅም ነበር፤ እዚሁ ተወልጄ። «በእኛ በኦሮምኛ 'ሳቀ' ማለት ነው» አሏት። ልጄ «ማን?» አለች። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ይህ ሁሉ አስፋልት ከመነጠፉ በፊት መሬቱ የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ እንደነበረ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተምሬያለሁ፤ የምጠራው ስም ራሱ ይህን ሲናገር መኖሩን ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

አጠና ተራ ላይ ወረድን። አጠናው እንደ ድሮው ተደርድሮ ቆሟል። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ባይተከል ኖሮ ከተማዋ በማገዶ እጥረት ልትፈታ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ከዚህ ተራ የሚወጣው አጠና አዲሶቹን ፎቆች ደግፎ ያቆማል፤ ሕንፃው ሲያልቅ ይነሳና ሌላ ቦታ ይሄዳል። ልጄ ይህን አልጻፈችም። እሷ የጻፈችው ስለ ማንዴላ ነው።

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር የውትድርና ሥልጠና ወስደዋል። ዕድሜያቸው አርባን አልፎ ነበር፤ ጠበቃ እንጂ ወታደር አልነበሩም። ተኩስ፣ ፈንጂና ረጅም የእግር ጉዞ እዚህ ተማሩ። ስድስት ወር እንዲፈጅ የታሰበው ሥልጠና ስምንት ሳምንት ሲሆነው ከአገራቸው ጥሪ መጣና ተቋረጠ። ሲሰናበቱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጧቸው። አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ የወጡት ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ልጄ «የእማማ ጎረቤት ነበሩ ማለት ነው?» አለችኝ። ለስምንት ሳምንት፣ አዎ።

«እማማ» የምትለው የባለቤቴን እናት ነው። ሉካንዳ ያለውን ቤታቸውን አከራይተው፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ ነው እኛ ጋ የመጡት። ቤቱን ለቀቁት እንጂ ሰፈሩን አልለቀቁም። በየወሩ እድር ለመክፈል ታክሲ ተሳፍረው ይሄዳሉ። «ቤቴልም እኮ እድር አለ» ስላቸው፣ «እነሱ እኔን የት ያውቁኛል? የማያውቀኝ ሰው ነው የሚያለቅስልኝ?» ይሉኛል። ኮልፌ የጉራጌው፣ የስልጤው፣ የጋሞው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው ግድግዳ አንድ የሆነበት ሰፈር ነው። የቅዳሴውም የአዛኑም ድምፅ እኩል ይደርሳል። ትልቁ የሙስሊሞች መቃብርም ኮልፌ ነው። እማማ ስንት ጊዜ ለጎረቤቶቻቸው እዚያ ድረስ እንደሸኙ ቆጥረው አይዘልቁትም። እኔ ስዳርም በእሳቸው ትእዛዝ ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ለብቻው ታርዶ፣ ለብቻው ድንኳን ተጥሎ ነበር።

ቤቴል ላይ እኔ የጎረቤቴን ስም የማውቀው በቴሌግራም ነው። ግሩፓችን ላይ ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ ትራንስፎርመሩ ለምን እንደጮኸ፣ የማን ውሻ እንደጠፋ እናወራለን። አጥሩ ረጅም ነው፤ ላዩ ላይ ሽቦ አለ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ገና አልተዋወቅንም። ዓለም ባንክም እኮ ድሮ እንዲሁ አዲስ ነበር። በደርግ ዘመን ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠ፤ አበዳሪው ስሙን ጥሎ ሄደ። ዛሬ የታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ሲጣራ ብድር የሚታየው ሰው የለም፤ የእናቱ ቤት፣ የድሮ ፍቅረኛው በር ነው የሚታየው። ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ጓደኞቼም መጀመሪያ ሰሞን ደረጃ ላይ ሲገናኙ ዞር ይባባሉ ነበር። አሁን እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር በሬ በጋራ ይገዛሉ።

ከሰዓት በኋላ አየር ጤና ደረስን። ልጄ «የአየር ጤናዋ አያቴ» ወደምትላት እናቴ ቤት የምንሄድ መስሏታል። ቀና ብዬ ቆየሁና፣ «ነይ፣ ዛሬ በእግራችን እንሂድ» ብዬ ወደ ከተማው አቅጣጫ መለስኳት። ያንን መንገድ እግሬ ዓይኔን ጨፍኜም ያውቀዋል።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ታክሲ ነበር የምንመለሰው። ዘነበወርቅ ስንደርስ ረዳቱ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» ይላል። ወራጇ እኔ ነኝ። ግን ዝም እላለሁ። በመስኮት የራሴን ሰፈር እያየሁ አልፌው እሄድና አየር ጤና እወርዳለሁ፤ ጓደኞቼ እስኪርቁ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ከዚያ በእግሬ እመለሳለሁ። ክረምት ሲሆን ጫማዬ በጭቃ ይበላሻል። እናቴ ጫማዬን ታጥባለች እንጂ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ይህን ያደረግኩት አራት ዓመት ሙሉ ነው።

ዘነበወርቅ የልዕልት ስም ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል በእሳቸው ስም ተጠራ፣ ሰፈሩም ከሆስፒታሉ ወረሰው። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ቦታ አለርት ተቋቋመ፤ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችን እንዲያሠለጥን ታስቦ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እዚያው ግቢ ተከፈተ። አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ተሕዋስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ያገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ከመላ ኢትዮጵያ የመጡ ሕሙማን ታክመው ሲድኑ የሚመለሱበት አገር አልነበራቸውም፤ የሚቀበላቸው ሰው አልነበረማ። ስለዚህ በአጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። ከተወለዱት አንዷ እናቴ ናት።

አያቴን «እምዬ» ነበር የምላት። ከጎጃም የመጣችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። ጣቷ መደንዘዝ ሲጀምር የተዳረችለት ባል ለወላጆቿ መለሳት፤ ወላጆቿ ከጓሮ ጎጆ ሠርተው ለብቻ አስቀመጧት። አዲስ አበባ መድኃኒት አለ ሲባል ሰምታ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጣች። ዳፕሶን የሚባል ኪኒን ለዓመታት ዋጠችና ዳነች። በሽታው ዳነ እንጂ ጣቶቿ አልተመለሱም። ነርቮቿ ስለተጎዱ የጋለ ጀበና ቢያቃጥላትም አይሰማትም ነበር፤ ልጅ ሆኜ እጇ ላይ አዲስ ቁስል እየፈለግሁ የምነግራት እኔ ነበርኩ። በዚያች እጅ አለርት ግቢ ከሴቶቹ ጋር ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። መርፌውን እንዴት እንደምትይዘው ዛሬም አልገባኝም።

በሽታው በዘር አይተላለፍም። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል፣ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል፣ ዛሬ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ኪኒን ይድናል። ይህን ሁሉ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ከታክሲው አላወረደኝም።

ሽማግሌ ሲላክብኝ የተቀበልናቸው አጎቴ አየር ጤና በተከራየው ቤት ነው። ለባለቤቴ እውነቱን ነግሬዋለሁ፤ «ለቤተሰቦቼ መንገሩ ያንቺ ፈንታ ነው» አለኝ። በሠርጌ ቀን እምዬ ነጭ ለብሳ፣ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አማቴ እየዞሩ እንግዳ ሲስሙ እሷ ጋ ደረሱና ወደ እኔ ዞረው «እኚህስ?» አሉኝ። እኔም «የድሮ ጎረቤታችን ናቸው» አልኩ። እምዬ እንደ ጎረቤት ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ስታርፍም ከቤት የወጣሁት «የጎረቤት ልቅሶ አለብኝ» ብዬ ነው።

ይህን ለልጄ የነገርኳት ገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመን ነው፣ እምዬ የተቀበረችበት። አላለቀስኩም፣ እሷም አላለቀሰችም። ቅዱሱ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። የንጉሥ ልጅ ነው፤ በሠርጉ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ሄደ፣ ሰው እንዳያውቀው ሥጋ ደዌ እንዲያወጣበት አምላኩን ለመነ፣ በኋላ ተመልሶ በገዛ አባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ወድቆ ማንም ሳያውቀው ኖረ። ጥቅምት 14 በዓሉ ነው። ልጄ ዝም ብላ ሰማችና፣ «አንቺ ግን እምዬን ታውቂያት ነበር አይደል? ታዲያ ለምን ጎረቤት አልሽ?» አለችኝ። «ፈርቼ» አልኳት። «ማንን?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቆሼ ነው፤ የከተማዋ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከመረበት ተራራ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ተንዶ በሥሩ ይኖሩ የነበሩ ከመቶ አሥር በላይ ሰዎችን ገደለ። እናቴ ያን ሳምንት ሙሉ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ድንኳን ውስጥ ነበረች፤ አየር ጤና ከገባች በኋላም እድሯ ዘነበወርቅ ነው። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ እዚያው ተመረቀ። ጭስ ማውጫው ከሩቅ ይታያል። ልጄ ፋብሪካ መሰላት፤ የሆነውን ነገርኳትና አለፍን፣ ለአንድ ቅዳሜ ይበቃታል።

ሰፈሩ ተለውጧል። አለርት ዛሬ ለቆዳ፣ ለዓይን፣ ለአደጋ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣበት ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ ጠዋት በሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ማን በምን እንደመጣ አይለይም። እኔ ያደግሁበት መደዳ አጠገብ ባለ ስምንት ፎቅ አፓርታማ እየተሠራ ነው። አጥሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፦ «አየር ጤና አካባቢ የሚሸጡ ዘመናዊ ቤቶች»። ሳቄ መጣ። ኮልፌ!

እሑድ ማታ ልጄ የጻፈችውን ለመለማመድ ሳሎን መካከል ቆማ አነበበች። እማማ እና አባቷ ሶፋ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ። «ሰፈሬ ኮልፌ ቀራንዮ ነው። በጣም ትልቅ ነው። ቀራንዮ ከአዲስ አበባ ይበልጣል፣ በዕድሜ። ኮልፌ ማንዴላ ተምረዋል። ዓለም ባንክ ባንክ የለም…» እማማ እስከዚህ ድረስ እየሳቁ ነበር። «…እናቴ የዘነበወርቅ ልጅ ናት። የእናቴ አያት ሥጋ ደዌ ነበረባቸው፣ ግን ድነዋል። በተጎዳ ጣት ጥልፍ ይጠልፉ ነበር። እኔ በደህና ጣቴ እንኳ አልችልም።»

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እማማ ምንም አላሉም። ቡና እንኳ ሳይጠጡ ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ልጄን ያን አንቀጽ አስወጪው ልላት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተመልሻለሁ።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ከመውጣቷ በፊት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ።

«ሠርጉ ላይ ጥግ የተቀመጡት ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ጎረቤት ያልሽኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ስንሳሳም እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉብኝ። ጨዋታ የማይወዱ፣ ኩሩ ሴት ናቸው ብዬ ሄድኩ።» ትንሽ ዝም አሉ። «አልበሙን አምጪው እስቲ።»

አመጣሁት። ገጽ በገጽ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ። እምዬ ያለችው አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ ኬክ ስንቆርስ በስተጀርባችን፣ ግማሽ ፊቷና ነጠላዋ። ልጄ አንገቷን አስግጋ አየቻትና ደብተሯ ላይ ልትለጥፈው ፎቶኮፒ እንዲደረግላት ጠየቀች። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ በር ላይ ክላክስ እያደረገ ነበር። እማማ «ይጠብቃት!» አሉና ፎቶውን ከፕላስቲኩ ውስጥ በጥፍራቸው ማውጣት ጀመሩ።